ከሞቱ የሚጀምር ታሪክ

ችሎቱ ለዕረፍት ተነሥቷል። ዳኞቹና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ባልደረባቸው ቢሮ ተሰብስበው ስለ አንድ መዝገብ ይሟገታሉ፤ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለን፣ የለንም ነው ክርክሩ። ፒዮትር ኢቫኖቪች የተባለው ዳኛ ግን ከሙግቱ ወጣ ብሎ፣ የማተሚያ ቤት ሽታው ገና ያልለቀቀውን የዕለቱን ጋዜጣ ያገላብጣል። ድንገት ቀና ብሎ ኢቫን ኢሊች መሞቱን ይነግራቸዋል። ሟቹ የሥራ ባልደረባቸው ነው። ሁሉም ይወዱት ነበር። ለሳምንታት ታሞ ሲተኛ ወንበሩ ክፍት ሆኖ ጠብቆታል።

በክፍሉ ውስጥ የሚያለቅስ የለም። መርዶው ጆሯቸው እንደገባ ሁሉም በየልባቸው ስሌት ይጀምራሉ። የሟቹን ወንበር ማን ይይዛል? ያን የሚይዘው ሰው የሚለቀውንስ ቦታ ማን ይረከባል? አንደኛው በዓመት 800 ሩብል ጭማሪና የጽሕፈት ቤት አበል እንደሚያገኝ እርግጠኛ ነው። ፒዮትር ኢቫኖቪች ደግሞ የሚስቱን ወንድም ከካሉጋ ከተማ ለማዛወር ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው ብሎ ያስባል፤ ሚስቱ ከእንግዲህ ለዘመዶቼ አንዳች ነገር አላደረግህም ልትለው አትችልም። ከዚያ ቀጥሎ ማንም ከአፉ የማያወጣው፣ ግን የማንም ልብ ያልሳተው ሐሳብ ይመጣል፦ የሞተው እሱ ነው፤ እኔ አለሁ።

ሊዮ ቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት»ን የሚጀምረው እንዲህ ነው። ታሪኩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 ሲታተም ደራሲው ወደ 58 ዓመት ተጠግቷል፤ «ጦርነትና ሰላም»ን እና «አና ካሬኒና»ን ጽፎ ጨርሷል። እነዚያ ሁለቱ ግዙፍ መጻሕፍት ናቸው። ይህኛው ግን በአንድ ከሰዓት ተነብቦ ያልቃል፤ 12 አጫጭር ምዕራፎች ብቻ ነው ያሉት። ከአጭር ልቦለድ ይረዝማል፣ ከረጅም ልቦለድ ያጥራል፤ ኖቬላ የሚባለው ዓይነት ነው። ኖቬላ እንደ ረጅም ልቦለድ ብዙ ቤተሰብና ብዙ ዘመን የሚያንከራትትበት ቦታ የለውም። አንድ ሰው ይይዛል፣ እስከ መጨረሻው አይለቀውም። ጭብጥን፣ ቃናንና ገጸ ባሕርይን አብሮ ለመመርመር ከዚህ የሚመች መጽሐፍ ብዙ አይገኝም፤ ሦስቱ እዚህ ተሸምነዋል፣ አንዱን ክር ሲስቡት ሌሎቹ ይከተላሉ።

የዚህ መጽሐፍ ጭብጥ ምንድን ነው ተብሎ የተጠየቀ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ብሎ የሚመልሰው «ሞት አይቀርም» የሚል ነው። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ግን መጽሐፉን አይነካውም። ሞት እንደማይቀር ለማወቅ ማንም ሰው መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም፤ ከአንድ ቀብር መልስ የሚወራውን መስማት ይበቃል። የቶልስቶይ ጥያቄ ከዚህ የጠበበና የበረታ ነው፦ ሁሉም ሰው በሚያጨበጭብለት መንገድ የኖረ፣ ሕግ ያልጣሰ፣ ሰው ያልገደለ፣ በዘመኑ መለኪያ «ጨዋ» የሚባል ሰው፣ ሊሞት ሲል ያ መለኪያ ባዶ ሆኖ ቢያገኘውስ? ከዚህም የሚብስ አለ። እርሱ ሌሎችን ሲመዝንበት የኖረበት ሚዛን ተገልብጦ እርሱን ቢመዝንስ?

ይህን ጥያቄ ደራሲው በየትኛውም ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ አይጠይቅም። በዕቃዎች፣ በድምፆች፣ በትንንሽ መፋተጎች ውስጥ ቀብሮታል። ከእነዚያ ሁሉ ደግሞ መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያለውን አንድ መቀመጫ የሚያህል የለም።

ፒዮትር ኢቫኖቪች ለቅሶ ሊደርስ ወደ ሟቹ ቤት ሄዷል። የሟቹ ሚስት ፕራስኮቭያ ፌዶሮቭና ለብቻ ላናግርህ ብላ ወደ እንግዳ መቀበያው ታስገባዋለች። እርሷ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች። እርሱ ዝቅ ያለ ለስላሳ መቀመጫ ይደርሰዋል፤ የመቀመጫው ሞላ ግን ተበላሽቷል፣ ሲቀመጡበት እንዳሻው ያዘነብላል። ሴትዮዋ ወደ ሶፋው ስታልፍ የጥቁር ልብሷ ዳንቴል በጠረጴዛው ቅርጻቅርጽ ይያዛል። ሊያላቅቅላት ብድግ ሲል ከክብደቱ የተገላገለው ሞላ ከታች ይገፋዋል። እርሷ ራሷ ማላቀቅ ትጀምራለች፤ እርሱ አመፀኛውን ሞላ ተጭኖ ይቀመጣል። ዳንቴሉ አልተላቀቀም። እንደገና ይነሣል፣ ሞላው እንደገና ይንጫጫል። ይህ ሁሉ ሲያበቃ እርሷ ንጹሕ መሐረብ አውጥታ ማልቀስ ትጀምራለች፤ የእርሱ ስሜት ግን ከዳንቴሉና ከሞላው ጋር በተደረገው ትግል በርዶ አልቋል።

በለቅሶው መካከል የቤቱ አሽከር ገብቶ የመረጡት የመቃብር ቦታ 200 ሩብል እንደሚያወጣ ይናገራል። ሴትዮዋ ማልቀሷን አቋርጣ ዋጋውን በጥንቃቄ ታጣራለች፣ ትወስናለች። የእንግዳው ሲጋራ ዐመድ ጠረጴዛው ላይ ሊወድቅ መሆኑን ስታይ ፈጥና መተርኮሻ ታቀብላለች። ባሏ ለሦስት ቀን ሙሉ ያለማቋረጥ እንደጮኸ ትናገራለች፤ የምትተርከው ግን የእርሱን ሥቃይ አይደለም፣ ያ ጩኸት በእርሷ ነርቭ ላይ ያደረሰውን ነው። በመጨረሻ የጠራችበት ጉዳይ ይወጣል፦ ከመንግሥት ካዝና ከጡረታው በላይ የሚገኝ ገንዘብ ይኖር ይሆን? ጥያቄው ለምክር ይመስላል፤ ፒዮትር ኢቫኖቪች ግን እርሷ ጉዳዩን ከእርሱ ይልቅ አጥርታ እንደምታውቅ ወዲያው ይገባዋል።

ቃና የሚባለው እዚህ ላይ በጆሮ ይሰማል። ቃና ማለት ተራኪው ለሚናገረው ነገር ያለው አቋም ነው፤ ድምፁ የሚሞቅ ወይም የሚበርድ መሆኑ፣ ርቆ መቆሙ ወይም መቅረቡ። «አይዞህ» የምትለው ቃል ሌሊቱን ቁጭ ብላ ካነጋች እናት አፍ ስትወጣና ሰዓቱን እያየ ከሚሰናበት ጠያቂ አፍ ስትወጣ ቃሏ አንድ ናት፣ ቃናዋ ግን ለየቅል ነው። የቶልስቶይ ተራኪ በዚህ ምዕራፍ ማንንም አይሰድብም። ሴትዮዋን ጨካኝ፣ ዳኛውን ግብዝ አይልም። የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዕንባውንና ሞላውን፣ ሐዘኑንና መተርኮሻውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በእኩል ድምፅ ያስቀምጣቸዋል። ፍርዱ ከዚያ እኩልነት ይወጣል። አንባቢው ሊስቅ አፉን ከፍቶ ክፍሉ አጠገብ ሬሳ መኖሩን ያስታውሳል።

ታሪኩ መጀመሪያ እንዲህ አልታሰበም ነበር። ቶልስቶይ በቀድሞው ረቂቁ ሟቹ ራሱ ያስቀረው ማስታወሻ ሆኖ፣ በአንደኛ መደብ እንዲተረክ አስቦ ነበር። ያ ቢሆን ኖሮ ኢቫን ኢሊች ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሥቃዩን ይነግረን፣ እኛም ከመጀመሪያው ገጽ እናዝንለት ነበር። ደራሲው ሐሳቡን ለወጠ። ሦስተኛ መደብ ተራኪ አመጣ፣ ሞቱንም ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ አመጣው። ከዚህ የተነሣ አንባቢው ሰውየውን የሚተዋወቀው ሬሳ ሆኖ፣ በማያዝኑለት ሰዎች ዓይን ነው። የቀረው መጽሐፍ ይህን ርቀት በጥቂት በጥቂቱ የሚያጠብ ጉዞ ነው። ከዚህ ውሳኔ የበለጠ ለመጽሐፉ የጠቀመ ነገር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የታሪኩ ሰው ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በቱላ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ የነበረ ኢቫን ኢሊች ሜችኒኮቭ የተባለ ሰው በ1881 ሞተ። ወንድሙ ኢልያ ሜችኒኮቭ በ1908 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው የሥነ ሕይወት ሊቅ ነው። ቱላ ደግሞ ለቶልስቶይ ርስት ለያስናያ ፖልያና ቅርብ ናት፤ የሰውየው አሟሟት ወሬ ጆሮው ደርሷል። ቶልስቶይ ሞትን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰውም አልነበረም። ወንድሞቹ ዲሚትሪና ኒኮላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተውበታል፤ ኒኮላይ በ1860 ሲያርፍ አጠገቡ ነበር። በ1869 በአርዛማስ ከተማ አድሮ ሳለ ምክንያቱ ያልታወቀ የሞት ፍርሃት ሌሊቱን ሙሉ አናውጦታል። በ«አና ካሬኒና» ውስጥ ከምዕራፎቹ ሁሉ ርእስ የተሰጠው አንድ ብቻ ነው፤ ርእሱም «ሞት» ነው።

ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲገባ ተራኪው ወደ ኋላ ይመለስና የሰውየውን ሕይወት በአንድ ቅጽል ሳይሆን በተከታታይ ቅጽሎች ያስተዋውቃል፤ ተራነቱን ደጋግሞ ይነግረንና በመጨረሻ ከዚያው ከተራነቱ አንድ አስፈሪ ድምዳሜ ያወጣል። ከተራ ወደ አስፈሪ የሚያሻግር ድልድይ ግን አይሠራም። ድልድዩን መሥራት ለአንባቢው ተትቷል፤ መጽሐፉ በሙሉ የዚያ ድልድይ ሥራ ነው።

ኢቫን ኢሊች ጎሎቪን ከሦስት ወንድማማቾች መካከለኛው ነው። የበኩሩ እንደ አባቱ ቀዝቃዛ ባለሥልጣን ሆኗል፤ የመጨረሻው አልቀናውም። መካከለኛው በልኩ ብልህ፣ በልኩ ተጫዋች፣ በልኩ ጨዋ ነው። የቤተሰቡ ስም «ጎላቫ» ከሚለው የሩሲያ ቃል ይመጣል፤ ጭንቅላት ማለት ነው። ከሕግ ትምህርት ቤት ሲመረቅ በሰዓቱ ሰንሰለት ላይ በላቲን «መጨረሻውን ተመልከት» የሚል የተጻፈበት ሜዳሊያ ያንጠለጥላል። ለጌጥ ነው የገዛው። ሰውየው የዚያን ሜዳሊያ ትርጉም የሚያነበው በሕይወቱ መጨረሻ ሦስት ወር ነው።

በ1864 የሩሲያ የፍርድ ሥርዓት ሲሻሻል አዳዲስ ሰዎች ተፈለጉ፤ ኢቫን ኢሊች ከእነርሱ አንዱ ሆነ። ጎበዝ መርማሪ ዳኛ ነበር። የጎበዝነቱ ምስጢር ከጉዳዩ ውስጥ ከሕጉ ውጭ ያለውን ሁሉ፣ በተለይም የሰውን ነገር፣ አጣርቶ አውጥቶ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረውን ብቻ ማስቀረት ነው። ተከሳሽ ፊቱ ሲቀርብ ሰው አይታየውም፤ መዝገብ ነው። ሲያገባም እንዲሁ ነው፤ ልጅቷ መልካም ቤተሰብ አላት፣ የሚወዳቸው ትልልቅ ሰዎችም ይስማማሉ፤ ታዲያ ለምን አያገባም? ሚስቱ አርግዛ መነጫነጭ ስትጀምር ወደ ሥራው ይሸሻል። ተራኪው በእነዚህ ገጾች ሦስት ቃላትን እንደ ዜማ ይመላልሳቸዋል፤ ቀላል፣ ደስ የሚል፣ ጨዋ። በመጀመሪያ ሲሰሙ ምስጋና ይመስላሉ። በአሥረኛው ጊዜ ክስ ሆነዋል። ቃሉ ሳይለወጥ ቃናው ተለወጠ፤ ተራኪው ያደረገው ነገር መደጋገም ብቻ ነው።

በ1880 ሹመት ይነፈገዋል። ተቆጥቶ ወደ ፒተርስቡርግ ይሄዳል፤ የትም ይሁን የት 5,000 ሩብል ደመወዝ ነው የሚፈልገው። ዕድል ቀናውና ከባልደረቦቹ በሁለት ደረጃ ከፍ ያለ ሹመት፣ 5,000 ሩብል ደመወዝ፣ ለመዛወሪያ ደግሞ 3,500 ሩብል ያገኛል። አዲስ ቤት ይከራያል፣ ራሱ ያሳምረዋል። ምንጣፍ፣ ነሐስ፣ ጥቁር እንጨት፣ አበባ። ቤቱ ልዩ መስሎታል። ተራኪው ግን ሀብታም ለመምሰል የሚጥሩ መካከለኛ ሰዎች ቤት ሁሉ እንዲህ እንደሆነና ከዚህ የተነሣ እርስ በርሱ እንደሚመሳሰል በአንድ ትንፋሽ ይነግረናል።

አንድ ቀን መጋረጃ ሰቃዩ ትእዛዙ አልገባው ይላል። ኢቫን ኢሊች መሰላል ላይ ወጥቶ መጋረጃው እንዴት እንደሚሰቀል ሊያሳየው ይሞክራል። እግሩ ይስታል። ጠንካራ ሰው ነውና ራሱን ይይዛል፤ ጎኑ ብቻ ከመስኮቱ ፍሬም እጀታ ጋር ይላተማል። ትንሽ አመመው፣ ተወው። ለቤተሰቡ ሲያወራው ይስቃል፤ በስፖርት የዳበረ ገላ ባይኖረኝ አልቄ ነበር ይላል።

ይህ ክስተት በመጽሐፉ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። ደራሲው ደወል አይደውልም፣ ጥላ አያጠላም። ግን ጭብጡ በሙሉ እዚያ መሰላል ላይ ተንጠልጥሏል። ሰውየውን የገደለው ጦር አይደለም፣ ወረርሽኝ አይደለም፤ ቤቱን ሰው እንዲያየው ሲያሳምር የተላተመበት የመስኮት እጀታ ነው። ኋላ ሕመሙ ሲጸናበት ይህን ራሱ ይደርስበታል፤ ሌላው ሰው ሕይወቱን ጦር ሜዳ ሲሰጥ እርሱ ለመጋረጃ መስጠቱ አእምሮውን ያስጨንቀዋል። አንዳንድ ሐያሲዎች አደጋው የሕመሙ ትክክለኛ መንሥኤ ነው ወይስ አይደለም ብለው ይከራከራሉ። ለሐኪም ጥሩ ጥያቄ ነው። ለልቦለዱ ግን እጀታው ይበቃል።

አፉ ውስጥ እንግዳ ጣዕም ይሰማዋል፤ ግራ ጎኑን ከበደው። ወደ ታዋቂ ሐኪም ይሄዳል። እዚህ ላይ ከመላ መጽሐፉ እጅግ የተዋጣው ትዕይንት ይመጣል። ሐኪሙ የኢቫን ኢሊችን ሕይወት አይመለከትም፤ የቀረበለት ጉዳይ የተነቀነቀ ኩላሊት ነው ወይስ የትልቁ አንጀት ጫፍ ሕመም ነው የሚል ክርክር ነው። ሁለቱን ወገኖች ይሰማል፣ ያመዛዝናል፣ ለአንጀቱ ይፈርድለታል፤ የሽንት ምርመራው አዲስ ማስረጃ ካመጣ ግን መዝገቡ እንደገና ይታያል። የሚያዳምጠው ሰው ይህን አነጋገር ያውቀዋል። ሺህ ጊዜ ተከሳሾች ፊት እንዲሁ አድርጓል። መጠየቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ አደገኛ ነው? ሐኪሙ ያንን ጥያቄ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ እያየ እንደማይገባ ጥያቄ ያልፈዋል። ዳኛው የኖረበት ሚዛን ተገልብጦ መጣ፤ ከዚህ በኋላ ስለ ጭብጡ ተጨማሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሕመሙ እየበረታ ሲሄድ ተራኪው የሕመሙን ስም መጥራት ያቆማል። የሩሲያ ቋንቋ እዚህ ለቶልስቶይ አንድ ስጦታ አበርክቶለታል። በሩሲያኛ «ሞት»ም «ሕመም»ም በሰዋስው ሴት ናቸው፤ ተውላጠ ስማቸው አንድ ነው፣ «ኦና»። ስለዚህ «እርሷ» ከመጋረጃው ጀርባ ስታይ፣ «እርሷ» ችሎት መሐል ስትመጣ፣ አንባቢው ሕመሙ ይሁን ሞቱ መለየት አይችልም። አማርኛ ይህን እንዳለ ሊወስደው አይችልም። ሞትም ሕመምም ለእኛ ወንድ ናቸው፤ «ሞት መጣ» እንላለን፣ «አመመው» እንላለን። ተርጓሚው «እሱ» ካለ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ ኢቫን ኢሊችም «እሱ» ነው። ሕመምተኛውና ገዳዩ በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራሉ። ምናልባት ይህ አስደንጋጭ ድብልቅ ለመጽሐፉ የሚስማማ አጋጣሚ ይሆን ነበር፤ ጠንቃቃ ተርጓሚ ግን «ያ» ብሎ በሩቁ ቢጠራው ይሻለዋል።

የቤቱ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁትን እንደማያውቁ ያስመስላሉ። ታሟል እንጂ አይሞትም፤ መድኃኒቱን ከወሰደ ይድናል። ኢቫን ኢሊችን ከሥጋ ሥቃዩ ይልቅ የሚያሠቃየው ይህ ውሸት ነው። አንድ ምሽት ሚስቱ፣ ልጁ ሊዛና እጮኛዋ ሣራ በርናርድን ሊያዩ ወደ ቴአትር ከመሄዳቸው በፊት ወደ ክፍሉ ይገባሉ። ተዋናይቷ በእውን በዚያ ዘመን ሩሲያ ሄዳ የተጫወተች ፈረንሳዊት ናት። ስለ ትወናዋ ያወራሉ። በወሬው መካከል አንዱ የሕመምተኛውን ዓይን አይቶ ዝም ይላል፤ ሁሉም ዝም ይላሉ። ዝምታውን ማን ይሰብረዋል? ውሸቱ እንዳይፈርስ ሁሉም ይፈራሉ። ሊዛ አባቷ የሰጣትን ሰዓት አይታ የመሄጃ ሰዓት ደርሷል ትላለች።

በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አይዋሽም። ገራሲም ይባላል፤ ከገጠር የመጣ ወጣት፣ የቤቱ ረዳት አሽከር ነው። ሥራው ሕመምተኛው የተጸዳዳበትን ማውጣት ነው፤ ኢቫን ኢሊች በዚህ ያፍራል። ገራሲም ግን ከባድ ጫማውን እየረገጠ፣ ንጹሕ ሽርጥ ታጥቆ፣ የጫማ ሬንጅና የክረምት ነፋስ እየሸተተ ይገባና ሥራውን ይሠራል። ጌታው እግሩ ከፍ ሲልለት ሕመሙ እንደሚቀልለት ሲናገር እግሩን በትከሻው ተሸክሞ ሌሊቱን ይቀመጣል። ለምን እንዲህ እንደሚደክም ሲጠየቅ የሚመልሰው ግልጽ ነው፤ ሁሉም ይሞታል፣ ታዲያ ለሚሞት ሰው መድከም ምን አለበት ነው ነገሩ።

የልቦለድ መማሪያዎች ገራሲምን የማይለወጥ ገጸ ባሕርይ ይሉታል። ይገባል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው። ይህ ግን የደራሲው ድክመት አይደለም። ኢቫን ኢሊች እንዲለወጥ አንድ የማይለወጥ ነገር አጠገቡ መኖር አለበት። ቶልስቶይ ገራሲምን ብልህ አላደረገውም፣ አያስተምርም፣ አይሰብክም። ትከሻ ሰጠው። በዚያ ዘመን ሊቃውንት ገበሬን ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የጥበብ ንግግር አፉ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ቶልስቶይ ራሱም በሌሎች መጻሕፍቱ ከዚህ አላመለጠም። እዚህ ግን ተቆጥቧል፤ ስለዚህ ገራሲም ይታመናል።

ምዕራፎቹ ወደ መጨረሻው ሲጠጉ ያጥራሉ። ሁለተኛው ምዕራፍ ልጅነቱን፣ ትምህርቱን፣ ሹመቱንና 17 ዓመት ትዳሩን ይዞ ይሄዳል። የመጨረሻው ምዕራፍ ሦስት ቀን ብቻ ይዟል። ጊዜው እየጠበበ ሲሄድ ተራኪው እየቀረበ ይመጣል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ የነበረ ድምፅ አሁን ከሕመምተኛው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ሰውየው በስሜቱ ጥቁር ጆንያ ውስጥ ሲገፋ አብሮት ይገፋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ፌዝ የለም። ተራኪው ተውኩት ብሎ የሚናገርበት ቦታ የለም፤ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ተንኖ ጠፋ። በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ወደ ኋላ ቢመለስ የት ላይ እንደጠፋ በጣቱ ማሳየት ይቸግረዋል። የኖቬላው ትልቁ ጥበብ ይሄ ነው፤ ጭብጡ የሚነገረው በቃል ሳይሆን በዚህ መቀራረብ ነው።

ሚስቱ ስለ ጩኸቱ የነገረችን እዚህ ይፈታል። ኢቫን ኢሊች «አልፈልግም» እያለ መጮኽ ጀመረ፤ በሩሲያኛ «ኒ ኻቹ» ነው። ቃሉ ሲደክም የቀረው የመጨረሻው አናባቢ ብቻ ነው፣ «ኡ»። ሦስት ቀን በዚያ አንድ ድምፅ ጮኸ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚስቱን ነርቭ የሚያውክ ጩኸት ብቻ ነበር፤ አሁን ቃል ሆነ።

ሦስተኛው ቀን መጨረሻ ላይ እጁን ሲያወናጭፍ የትምህርት ቤት ተማሪው ልጁ ቫስያ ራስ ላይ ያርፋል። ልጁ እጁን ይዞ ይስማል፣ ያለቅሳል። ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች፤ ዕንባዋ አፍንጫዋና ጉንጯ ላይ አልተጠረገም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ንጹሕ መሐረብ አውጥታ ያለቀሰችው ሴት ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነላቸው።

ለሚስቱ ሊላት የፈለገው ቃል «ፕሮስቲ» ነው፣ ይቅር በይኝ። ከደከመ አፉ የወጣው ግን «ፕሮፑስቲ» ሆነ፣ አሳልፊኝ። አንድ ትርፍ ክፍለ ቃል አንዱን ቃል ወደ ሌላ ቀየረው። ሊያርመው ጉልበት የለውም፤ ሊሰማው የሚገባው ይረዳዋል ብሎ ተወው። ብዙ ተርጓሚዎች እዚህ ቦታ ይቸገራሉ፤ በሌላ ቋንቋ ሁለቱን ቃላት በድምፅ ማቀራረብ ቀላል አይደለም። አማርኛ ግን በአንድ ግስ ይሸፍናቸዋል። በደልን «ማለፍ» ይቅር ማለት ነው፤ በር «ማለፍ» መሻገር ነው፤ ሽማግሌ «አለፈ» ሲባል ሞተ ማለት ነው። «እለፉኝ» ያለ ሰው ይቅርታንም መንገድንም በአንድ ቃል ይለምናል፤ ስሕተቱ ሳይኖርም ሁለቱ ትርጉሞች ይገናኛሉ። ቶልስቶይ ሩሲያኛውን ያጣመመው ወደዚህ ለመድረስ ነበር።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ያነበቡት ሰዎች ብዙ ናቸው። አቀናባሪው ቻይኮቭስኪ በዚያው ዓመት አንብቦ በማስታወሻው ላይ ቶልስቶይን ከጥበበኞች ሁሉ በላይ አስቀመጠው። ቭላዲሚር ናቦኮቭ በአሜሪካ ለተማሪዎቹ አስተምሮታል። የጃፓኑ የፊልም አዘጋጅ አኪራ ኩሮሳዋ ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ በ1952 «ኢኪሩ»ን ሠራ፤ የእርሱ ሟች ቢሮክራት ከመሞቱ በፊት የልጆች መጫወቻ ሜዳ ያሠራል። የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ለተማሪዎቻቸው ያስነብቡታል፤ የሚያስነብቡት ስለ ኩላሊቱ አይደለም።

አንድ ሥራ ግን ለአንባቢው ይቀራል፤ የመጨረሻውን ገጽ ዘግቶ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደገና መክፈት። አሁን ፒዮትር ኢቫኖቪች ሬሳው አጠገብ ቆሞ ሲያማትብ አብሮ መስገድም ይገባው እንደሆነ እንደማያውቅ አንባቢው ያያል። የሟቹ ፊት ላይ ለሕያዋን አንድ ነቀፋ ወይም ማሳሰቢያ ያለ ይመስለዋል። ማሳሰቢያው ቢያንስ እርሱን አይመለከተውም ብሎ ፈጠን ብሎ ይወጣል። በደጁ ገራሲም ካፖርቱን ፈልጎ ያቀብለዋል፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው መሆኑ ያስታውቃል፣ ፈገግ ሲል ነጫጭ ጤነኛ ጥርሶቹ ይታያሉ፤ ሠረገላውን ይጠራለታል፣ ደግፎ ያሳፍረዋል። ከዕጣኑና ከሬሳው ሽታ በኋላ የውጭው አየር ለፒዮትር ኢቫኖቪች እጅግ ደስ የሚል ነው። ሠረገላ ነጂው ወዴት እንደሚሄዱ ይጠይቀዋል። ገና አልመሸም። ካርታ ጨዋታ ወዳለበት ቤት ይሄዳል። ሲደርስ የመጀመሪያው ዙር እያበቃ ነው፤ ስለዚህ አምስተኛ ሆኖ ለመግባት አመቺ ጊዜ ነበር።